በገመድ የተጎተተው ምርመራ

ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ክላክሱ ነው። ክላክስ ይባል እንጂ ጉንፋን የያዘው ፍየል ጉሮሮውን ሲጠርግ ነበር የሚመስለው፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይቆረጣል፣ ከዚያ ደግሞ ያቃስታል። እንድሪያስ ከአዋሽ ከተማ መውጫ ላይ፣ ከጎሚስታው ዳስ ሥር ፒካፑን አቁሞ ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። ቀና ብሎ አየ። ምንም የለም። ገና በጠዋቱ አስፋልቱ በሙቀት ይርገበገባል፤ ከዚያ ውስጥ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

ቆይቶ አንዲት ነጭ ፒካፕ ብቅ አለች። ሞተሯ ጠፍቷል። ጎረምሶች ከኋላዋ ተደርድረው ይገፏታል። መሪውን የጨበጡት ቀይ ከረባት ያሰሩ፣ ጠና ያሉ ሰው ደግሞ ገፊዎቹን በክላክስ ያጣድፏቸዋል።

«አባባ፣ ክላክሱን ቢተዉት እኮ የተረፈችው ባትሪ ታስነሳት ነበር» አለ አንዱ ገፊ ላቡን እየጠረገ።

«እኔ ክላክስ ካላደረግሁ እናንተ ትገፋላችሁ?»

ነጯ ፒካፕ ዳሱ ጥላ ውስጥ ገብታ ቆመች። ሰውየው ወረዱ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ የገዛ መኪናቸውን ትተው የእንድሪያስን ፒካፕ ይዞሩት ጀመር። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ስፖንዳውን ነቀነቁ።

«ወዴት ነህ?»

«ሰመራ።»

«ለምን ጉዳይ?»

እንድሪያስ ጉዳዩን ለመንገደኛ የሚዘረግፍ ልጅ አልነበረም። የሰውየው አጠያየቅ ግን መልስ የለመደ ነው። «ለመኪና ምርመራ። አንድ የውሃ ቁፋሮ ፕሮጀክት ፒካፕ ይከራያል፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። አቶ ኃይለ ልዑል የሚባሉ መርማሪ እዚያ ይጠብቁኛል።»

«አይጠብቁህም» አሉ ሰውየው። «ኃይለ ልዑል እኔ ነኝ።»

እንድሪያስ የያዘውን ጨርቅ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ፒካፑ የአባቱ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ወንድሞቹ አዳማ ወስደን እንሽጠው ሲሉ ከርመው፣ በስንት ሽማግሌ፣ «ሰመራ ያለውን ሥራ ካገኘ ያንተ ይሁን፤ ከወደቀ ግን ይሸጣል» ብለውታል። የፕሮጀክቱ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ ሞተር ተነስቶ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ከታየ መኪናው ወደቀ። ስለዚህ እንድሪያስ ሌሊቱን ያደረው መብራቶቹን በህልሙ እያየ ነበር።

«የኔይቱን ጎትተህ ሰመራ ታደርሳለህ» አሉ አቶ ኃይለ ልዑል።

«ከዚህ? ሰመራ ድረስ? እዚሁ ጋራዥ ቢያስገቧትስ፣ ጋሼ?»

«በፊርማዬ ያወጣኋትን መኪና ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም።»

ገፊዎቹ ሳቁ። «ሰመራ እስክትደርሱ ገመዱ ጡረታ ይወጣል» አለ አንዱ። ከእንድሪያስ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ኡምሰልማ አንገታቸውን አወጡ። ኡምሰልማ ሰመራ ላይ ሻይ ቤት ያላቸው የወሎ ሴት ናቸው፤ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት ከኋላ ጭነው እሱ ዘንድ የተሳፈሩት በጊዜ እገባለሁ ብለው ነበር።

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ጎትታቸው» አሉ። «የሚፈትንህን ሰው ከኋላህ አስረህ መሄድ ማን ያገኛል?»

አቶ ኃይለ ልዑል አስተሳሰሩን ራሳቸው መሩት። ገመዱ አላጠረም አልረዘመም፤ በሁለቱም በኩል ከሻንሲው ቀለበት እንጂ ከፓራውልቱ እንዳይታሰር አሉ። ቁልፏን ከፈቱ፤ «ካልተከፈተ መሪው ይቆለፋል፣ እኔም ገደል ነኝ» አሉ። ሞተር ስለሌላት ፍሬኗ እንደ ድንጋይ እንደሚከብድ፣ ስለዚህ እሱ በድንገት መያዝ እንደሌለበት አስረዱት። በመጨረሻ መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል አሉ። ቀይ ጨርቅ ተፈለገ፤ ጠፋ። ትንሽ አሰቡና ከረባታቸውን ፈትተው ከገመዱ ወገብ ላይ አሰሩት፤ ቋጠሮውን እንደ ሠርግ ቀን አሳመሩት።

«አንድ ጊዜ ክላክስ ካደረግሁ ቀስ በል። ሁለት ጊዜ ካደረግሁ ቁም።»

«ረዥም ከሆነስ?»

«ረዥም ከሆነ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔም ቁም።»

ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያው ሰዓት በክላክስ አለፈ። ቤት የሚያክል ተሳቢ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር የፍየሉ ድምፅ ከኋላ ያቃስታል፤ እንድሪያስም ቀስ ይላል። ከዚያ ክላክሱ አንዴ ትንፍሽ አለና ዝም አለ። ወዲያው የእንድሪያስ ስልክ ጮኸ፤ ሲነሱ ቁጥር ተለዋውጠው ነበር። ኡምሰልማ አንስተው ድምፁን ለቀቁትና ከእንድሪያስ ጆሮ አጠገብ ያዙለት።

«የመኪናዬ ባትሪ አለቀ» አሉ አቶ ኃይለ ልዑል። «በል ምርመራውን እንጀምር።»

«አሁን? እየጎተትኩዎ?»

«ሰመራ ስንደርስ ቢሮው ተዘግቶ ቢሆንስ? ከኋላ ሆኜ ሁሉም ነገርህ ይታየኛል። ፍሬን ንካ።»

እንድሪያስ ነካ። ገመዱ ረገበ፣ ነጯ ፒካፕ ወደ ፊት ተንደረደረች፣ ከዚያ ገመዱ ተወጥሮ ሁለቱንም ናጣቸው። የኡምሰልማ ሻሽ ዓይናቸው ላይ ወረደ።

«የፍሬን መብራት ይሠራል። የግራ ፍሬቻ።»

የግራ ፍሬቻ ሰጠ። ሊቀድማቸው የመጣ ተሳቢ የሚታጠፉ መስሎት ፍሬኑን ረገጠ፤ ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ስለ እንድሪያስ እናት አንድ ነገር ተናገረ።

«ይሠራል» አሉ መርማሪው። «የቀኝ።»

ፍሬቻው አለቀ፣ የዝናብ መጥረጊያው ተሞከረ፤ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ፋቀ። «እኚህ ሰው የመጀመሪያ ሚስታቸውንም እንዲህ መርምረው ይሆናል» አሉ ኡምሰልማ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው። ቀጥሎ ወደ ዳሽቦርዱ ተገባ።

«አረንጓዴ መብራት?»

«አንድ ነገር ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ጉዳት የለውም።»

«ቢጫ?»

«መሄድ ይቻላል፤ ግን በቶሎ ማሳየት ነው።»

«ጎበዝ። ቀዩ ጋ ስንደርስ እደውላለሁ፤ አሁን ኔትወርኩ ይቆራረጣል።»

ገዋኔን እንዳለፉ ቀዩ ራሱ መጣ። መጀመሪያ ያዩት ኡምሰልማ ናቸው። «መርከብ በራች» አሉ።

«የምን መርከብ?»

«ይቺትና። ከታች ማዕበል፣ ከላይ ምሰሶ። ያረቢ፣ ጅቡቲ ደረስን እንዴ?»

እንድሪያስ አየ፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያው መብራት ነው። ሞተሩ ግሏል። የሁለት መኪና ሸክም በዚያ ሙቀት ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል። ለመቆም እግሩን አነሳ። ግን ቢቆም አቶ ኃይለ ልዑል ይወርዳሉ፤ ከወረዱ ያያሉ፤ ካዩ ፒካፑ አዳማ ይሄዳል። ስልኩ ጮኸ።

«አሁን ኔትወርኩ ተስተካከለ» አሉ መርማሪው። «ቀይ መብራት ሲበራ ምን ታደርጋለህ?»

እንድሪያስ መርከቧን እያየ፣ «እቆማለሁ» አለ፤ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ።

«መቼ?»

«ወዲያው። ጊዜ ሳልሰጥ።»

«እንዴት?»

«ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ።»

«የራዲያተሩን ክዳንስ?»

«ሳይቀዘቅዝ አልነካም።»

«ድንቅ ነው። ስንቱን ሾፌር ስጠይቅ ‹እስከ ቀጣዩ ከተማ እነዳለሁ› ይለኛል። እንዲህ ያለው ሰው መሪ ሊሰጠው አይገባም።»

«አይገባም፣ ጋሼ» አለ እንድሪያስ፤ ነዳ።

አባቱ አንዴ አሳይተውታል፤ ሞተር ሲግል የጋቢናውን ማሞቂያ ከፍቶ ሙቀቱን ወደ ውስጥ መሳብ ይቻላል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው ምድር ማሞቂያ የከፈተ ሰው ቢኖር እሱ ሳይሆን አይቀርም። የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ከየቀዳዳው የምድጃ አፍ የመሰለ ነፋስ ወጣ።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» አሉ ኡምሰልማ ከወንበራቸው እየተነሱ። «ከውጭ ያለው አልበቃህም?»

«መርከቧን ለማጥፋት ነው፣ እትዬ።»

«እኔን አጥፍተህ?»

ቢሆንም ጫማቸውን አወለቁና ቻሉት። መርከቧ ጥቂት ቆይታ ጠፋች፤ እንድሪያስ ትንፋሹን ሳይጨርስ ተመልሳ በራች። ላቡ ከአገጩ መሪው ላይ ይንጠባጠባል።

«ከእናንተ መስኮት የሚወጣው ምንድን ነው? አየሩ ይወዛወዛል» አሉ አቶ ኃይለ ልዑል በስልክ።

ኡምሰልማ ስልኩን ወደ ራሳቸው አፍ አዞሩት። «እኔ ነኝ ጌታው፤ ብርድ አይስማማኝም።»

ሚሌ ሳይደርሱ ግመሎች መንገዱን ሞሉት። እንድሪያስ ቀስ ብሎ ቆመና ሞተሩን አጠፋ፤ ግመል በማየቱ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። መንጋው ግራና ቀኝ እንደ ወንዝ ከበባቸው፤ የመርማሪው በር በግመል ጎን ተደግፎ አልከፈት አለ። አንዲት ግመል ደግሞ በሁለቱ መኪኖች መካከል ገብታ ገመዱን በእግሮቿ መሐል አድርጋ ቆመች፤ ከረባቱን አሸተተችውና እዚያው ማመንዠክ ጀመረች። ባለቤቷ ሀሰን የሚባል አፋር፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ወደ እንድሪያስ መስኮት መጣ።

«ገመዱን ፍታ። እሷ ወደ ኋላ መሄድ አታውቅም።»

«ትንሽ ብናረፍድ ግድ የለኝም» አለ እንድሪያስ።

ሀሰን ሁለቱን መኪኖች ተራ በተራ አያቸው። «የተበላሸው የትኛው ነው? የፊተኛው ነው የኋለኛው?»

ከገዋኔ ጀምሮ ሲዋሽ የመጣ አፉ ድንገት ደከመው። «ሁለቱም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ማነው የሚሄደው?»

ሀሰን መልስ ሳይጠብቅ ሄዶ ግመሏን አንድ ነገር አላት፤ እሷም ወደ ፊት ተራምዳ ገመዱን እንደ ልብስ ማስጫ ተሻግራው ሄደች።

ሚሌን አለፉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር መርከቧ ጠፍታ ቆየች። አቶ ኃይለ ልዑል ደወሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል፤ የደከመው ሰው ድምፅ ሆኗል።

«ስማ እንድሪያስ። ሀያ ዓመት መርምሬአለሁ፤ እንዳንተ የመለሰልኝ የለም። ዳሽቦርዱን ማየትም አያስፈልገኝም። ሰመራ ስንገባ እፈርምልሃለሁ። አልፈሃል።»

ኡምሰልማ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። «አልሃምዱሊላህ። በቃ ይሄን እቶን ዝጋልኝ።»

እንድሪያስ አልዘጋም። መርከቧ እንደገና በርታለች፤ አሁን ደግሞ አንድ ሽታ አለ፤ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ስኳር የመሰለ። የሎጊያ ቤቶች ከሩቅ ይታያሉ። ከሎጊያ ሰመራ ቅርብ ነው። ጥርሱን ነክሶ ቢነዳ ይደርሳል፤ ፊርማውም ይፈረማል፤ ፒካፑም የእሱ ይሆናል። ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር ኳ፣ ኳ አለ። እንድሪያስ ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም፤ ግን ምን እንደሚል ወዲያው ገባው። ከዚህ በኋላ ከነዳው የእሱ የሚሆነው የፒካፑ ሬሳ ነው።

«እትዬ፣ ይያዙኝ» አለ፤ ምኑን እንደሚይዙት ሳይነግራቸው።

ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ነካ፤ ገመዱ እንዳይንጥ እየረገበ እየተወጠረ ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከነጯ ፒካፕ ኋላ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ደረደረ። ሁሉንም ልክ እንደ መለሰው አደረገ። ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ይወጣል።

አቶ ኃይለ ልዑል ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ መጡ። «ምን ሆንክ? አልፈሃል አልኩህ እኮ።»

«ይዩት ጋሼ» አለ እንድሪያስ። በሩን ከፈተላቸው።

ገቡና መሪው ፊት ተቀመጡ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን አዞሩ። ማሞቂያው ስላልተዘጋ ነፋሱ ፊታቸው ላይ ለቀቀ፤ መብራቶቹ ሁሉ ቦግ አሉ። የሙቀቱን ደረጃ የሚያሳየው ቀስት ከቀዩም አልፎ ተጣብቋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገዋኔ።»

«ቀይ ሲበራ ምን ታደርጋለህ ስልህ?»

«በርቶ ነበር።»

አቶ ኃይለ ልዑል በሩን ዘጉት። መስኮቱንም ወደ ላይ አጠመዘዙት። ማሞቂያው እየነፈሰ፣ ብቻቸውን፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ኡምሰልማ፤ ወርደው ከሽንኩርታቸው ማዳበሪያ ጥላ ሥር ቆመዋል።

«እየመረመሩ ይመስለኛል።»

«በሕይወት አሉ?»

ከመስታወቱ ጀርባ ላቡ በግንባራቸው ሲወርድ ይታያል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚስቁ ይሁን የሚቆጥሩ አይለይም። እንድሪያስ መስታወቱን አንዴ አንኳኳ፤ አልዞሩም። ብዙ ቆይተው ወጡ፤ «ዳሽቦርዱን ሳላይ አሳለፍኩህ፤ ምርመራው ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ነጯ ፒካፕ ሄደው ቦርሳቸውን አነሱ፤ ቁልፏን እላይዋ ላይ ተዉት። አስፋልቱን ተሻገሩና ከማዶ ቆሙ፤ ከጅቡቲ ጭኖ ወደ አዋሽ ለሚሄድ ተሳቢ እጃቸውን አነሱ። ተሳቢው ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ቆመ።

«ጋሼ» አለ እንድሪያስ ከወዲህ ሆኖ። «አለፍኩ ወይስ ወደቅሁ?»

አቶ ኃይለ ልዑል መሰላሉን ረግጠው ጋቢና ገቡ፤ በሩን ዘጉ። ተሳቢው ማርሽ ቀይሮ ተነሳ፤ ቀኑን ሙሉ እየተጎተቱ የመጡበትን መንገድ ይዞ ወደ ሚሌ ሄደ።