ከታረቀኝ ጉድጓድ የተቀዳው ውሃ

ሮቢት ውስጥ ከእኔ በቀር ታረቀኝን የማይወድ ሰው የለም። ከረግረጌ በላይ ባለው ግቢው አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን ያቀልጣል፤ እጣቢውን በቦይ ወደ እኔ ይለቃል። እኔ ደግሞ ባሌ ከሞተ ወዲህ ኑሮዬ ቄጠማ ነው፤ በየበዓሉ አጭጄ ቆቦ ገበያ እወስዳለሁ። አምና ቄጠማው ቢጫ ሆነ። ዘንድሮ ጭራሽ አላድግ አለ፤ ስነቅለው ሥሩ አጭርና ጥቁር ነው።

«ድርቅ ነው እኮ፣ እትዬ ደብሪቱ» ይለኛል እየሳቀ።

ያ ሳቁ ነው ያንገበገበኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ያዝኩበት፣ አጥብቄ ያዝኩበት።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። በፊታቸው ከግቢው በላይ ካለው ምንጭ ራስ ያመጣሁትን ጤነኛ ቄጠማ ከነሥሩ በሁለት የተቆረጡ ጀሪካኖች ተከልኩ፤ አንዱን የምንጭ ውሃ፣ ሌላውን የቦዩን ላጠጣ። ታረቀኝ አሁንም ሳቀ።

«ሦስተኛ ጨምሪ! ከገዛ ጉድጓዴ፣ ልጆቼ ከሚጠጡት ቅጂ። የግቢዬን ንጽሕና ሰው ሁሉ ይየው።»

«መልካም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ ሙሀመድሰይድ፤ «አላህ ካለ ከወር በኋላ መጥተን እናያለን።»

በሃያኛው ቀን የቦዩ ቄጠማ ቢጫ ሆነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የጉድጓዱን ውሃ የማጠጣውን ጀሪካንም አፈር ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ የእሱም ሥር ጠቁሯል። መርዙ ወደ ገዛ ጉድጓዱ ሰርጓል ማለት ነው።

ያኔውኑ ሮጬ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። በሽማግሌ ፊት ያ ሳቅ ሲደርቅ ማየት ፈለግሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዐሥር ቀን ምን አላት? ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ቆንጅት ሕፃኗን አዝላ ከጉድጓዱ ትቀዳልኛለች፤ ከዚያው ባልዲ ለትልቋ ልጇ በጣሳ ትሰጣታለች። እኔ ፊቴን አዙሬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እሄዳለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሦስቱንም በሰው ፊት ነቀልኳቸው። የምንጩ ሥር ነጭና ረዥም ነው፤ የሁለቱ ጥቁር ጉማጅ።

«ይቺ የቦይህ» አልኩት፤ «ይቺ ደግሞ የልጆችህ።»

ሳቁ እንዳሰብኩት ደረቀ። ሽማግሌዎቹ ሥራውን ዛሬውኑ እንዲዘጋ ፈረዱበት። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቆንጅት ግን ባሏን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«እትዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ ግን አልወጣልኝም። «ዐሥር ቀን ሆነኝ» አልኳት።

ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ዐሥሩንም ቀን እኮ እኔ ነኝ የቀዳሁልሽ» አለችኝ።