ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚያልቅ ቀን

ድሮ ከኩሽናው በር እስከ ዝናብ መለኪያው ስልሳ አንድ እርምጃ ነበር። ዴልማ ትረሎር ሰባ ስድስት ዓመት ከሞላት ወዲህ ስልሳ ስምንት ሆኗል። ጓሮው አልረዘመም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ስልሳ ስምንቱን እርምጃ ወረደች። መለኪያው በጓሮው መሐል ካለች ትንሽ ጉብታ ላይ የቆመ፣ ቁመቱ ጉልበት የማይደርስ፣ አፈ ሰፊ የቆርቆሮ በርሜል ነው። ከሱ በታች ግቢው እስከ ታችኛው አጥር ያዘቀዝቃል። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። ደረቅ ነው። ሳታይም ታውቅ ነበር፤ ኦክቶበር ከገባ ጠብ ያለ ነገር የለም። ቢሆንም ሳያዩ ዜሮ መጻፍ አባቷ አርኖልድ የከለከሉት ነገር ነው። እሳቸው መለኪያውን ከተከሉ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ መጀመሪያ በእሳቸው ኋላም በእሷ፣ ሳይነበብ የዋለበት አንድም ቀን የለም። ቁጥሩ በየጠዋቱ ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ይላካል።

ቀና ስትል ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡትን ችካሎች አየች። ቅርቡ ከመለኪያው አምስት ሜትር ይርቃል። እዚያ ላይ ስምንት ሜትር ቁመት ያለው ፎቅ ቤት ሊነሳ ነው። መለኪያ ደግሞ አጠገቡ ካለው ነገር ቁመት ቢያንስ እጥፍ መራቅ አለበት፤ አለዚያ ነፋስ ያዘነበለውን ዝናብ ግድግዳው ይከልልበታል። አሥራ ስድስት ሜትር መሆን ያለበት አምስት ሆነ። ወደ ላይ እንዳይዛወር የራሷ ቤትና ሁለቱ የማንጎ ዛፎች አሉ። ዛሬ የሽያጩን ውል ከፈረመች መለኪያው ይነቀላል፣ መዝገቡም ይዘጋል። የመዝጊያውን ደብዳቤ ትናንት ጽፋ ጨርሳለች።

ያስገደዳት ሰው የለም። ቤቱና ግቢው የእሷና የታናሽ ወንድሟ የኔቪል የጋራ ንብረት ነው። ኔቪል ሃያ ዓመት ሙሉ ድርሻዬን ብሏት አያውቅም። አሁን ግን የዳሌው አጥንት ተበላሽቶ፣ ሊፍት በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ ቀርቷል። ደረጃ የሌለበት ቤት ያስፈልገዋል። ዴልማ ድርሻውን የምትገዛበት አቅም የላትም። የጓሮው ታችኛ ግማሽ ለቤት አልሚው ቢሸጥ ግን ለኔቪል ይበቃዋል። ሦስት ሳምንት አሰላችው። ሌላ መውጫ አላገኘችም።

ስትመለስ ለፊርማው የመጣው ኔቪል ኩሽናው ውስጥ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ስንት ሆነ?»

«ዜሮ።»

«ጉድ ነው! እኔስ ከዚሁ ሆኜ ልነግርሽ እችል አልነበር?»

«አንተ የነገርከኝን ማን ያምናል? ስድስት ነጥብ አራትህን ረሳሃት?»

ኔቪል አሥር ዓመቱ ሳለ፣ ድርቁ በጠናበት ወቅት፣ መለኪያው ውስጥ ሽንቱን ሸንቶበት ነበር። አባታቸው በማግሥቱ ቁጥሩን ሰርዘው፣ መዝገቡ ላይ ካለው የአስተያየት ዓምድ «ዝናብ አይደለም። ኔቪል ነው።» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ።

«ስልሳ ሁለት ዓመት ሆነው እኮ!» አለ ኔቪል።

«አለ እኮ፣ ላሳይህ?»

መኪና ቆመ። ቤት አልሚው ግራንት ፓስኮ ባርኔጣውን እያወለቀ ገባ፤ ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት ጥቅል ወረቀት ታቅፋ ተከተለችው። ግራንት የጊንዳራን ከተማ ግማሽ የሠራ ሰው ነው። ዴልማ ግን ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራዋለች፤ ስለዚህ እዚህ ቤት ሲገባ ትከሻው በትንሹ ይሰበሰባል።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስ ትረሎር። ዛሬ እንኳን የቤት ሥራዬን ሠርቼ ነው የመጣሁት።»

«ማን ሠራልህ?»

ግራንት በአውራ ጣቱ ወደ ወጣቷ ጠቆመ። «ሊዮኒ። መሐንዲሳችን ናት።»

ወረቀቱ ተዘረጋ፣ እስክሪብቶው ቀረበ። ዴልማ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። ኔቪል ሻይ ቀዳ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

«ዴል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው የሚፈረመው» አለ።

«የሚፈረምበትን አውቃለሁ።»

አሥራ አንደኛው ገጽ የጎርፍ ማስወገጃው ነበር። ዴልማ ጣቷን ቱቦው ላይ አኖረች። ለመቃወም አልነበረም፤ ቁጥር ስታይ ከየት መጣ ብላ ሳትጠይቅ አልፋ አታውቅም።

«ይሄ ስንት ይችላል?»

«በቀን መቶ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር ዝናብ» አለች ሊዮኒ።

«መቶ ሃያ አምስትን ከየት አመጣሽው?»

ሊዮኒ ፈገግ አለች። «ከእርስዎ ነዋ! የዚህ ጣቢያ መዝገብ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከፍተኛው የአንድ ቀን ዝናብ መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስቱ። ከላዩ መጠባበቂያ ጨመርኩበት።»

ዴልማ ቁጥሩን ታውቀዋለች። በመለኪያ ብርጭቆው አራት ጊዜ ሞልታ፣ አምስተኛውን ግማሽ ላይ ያነበበችው እሷ ናት። ያን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር ትዝ አላት። ጥርት ብሎ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ መቼ ወረደ?

«የዋዜማው ቀንስ ስንት ይላል?»

ሊዮኒ ስልኳን ነካካች። «መቶ አራት ነጥብ ሁለት። ሁለት ከባድ ቀን ተከታትሏል።»

ዴልማ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ቀን አልነበረም» አለች።

ከመደርደሪያው የሰማንያ ሦስቱን መዝገብ አውርዳ ፌብሩዋሪን ገለጠች። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ያለና ጠባብ። አስተያየቱን ጮክ ብላ አነበበች። «አሥራ አንድ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ጀመረ፤ ሳያባራ ቀጥሏል። አሥራ ሁለት፦ ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ አቆመ። ውሃው ታችኛው አጥር ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ደርሶ ነበር።»

ሊዮኒ ስልኳን አስቀምጣ መዝገቡ ላይ ጎነበሰች።

«የእኛ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም የሚያልቀው» አለች ዴልማ፣ ክፍል ውስጥ ትናገርበት በነበረው ድምፅ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት የወረደው ለዚያ ቀን ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የወረደው ለማግሥቱ። ዝናቡ አንድ ዝናብ ነበር። ሦስት ሰዓት መሐሉን ቆረጠው።»

ሊዮኒ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደመረች። «ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።» ደግማ ደመረችው። «ይሄ አስተያየት ድረ ገጹ ላይ የለም።»

«የለም። ቁጥሩን ብቻ ነው የሚወስዱት።»

ሊዮኒ ንድፉን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበች። «ወደ አጥሩ እንውረድ» አለች።

አራቱም ወረዱ፤ ኔቪል በምርኩዙ ከኋላ። ሊዮኒ ሜትሯን ከመሬት እስከ ሦስተኛው አግዳሚ ዘረጋች። አንድ ሜትር ከአሥር። ልታሠራው ያሰበችው የቤቱ ወለል ከመሬት አርባ ሳንቲም ነው የሚነሳው።

ግራንት ራሱን አከከ። «እዚህ ቤት መሥራት አይቻልም ማለት ነው?»

«ለምን አይቻልም? ኩሽናው ውስጥ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ገዢ ፈልግ።»

ሊዮኒ ሳቋን መዋጥ አልቻለችም። ግራንት ራሱም ሳቀ። ኔቪል ግን አልሳቀም፤ አጥሩን ተደግፎ ወደ መለኪያው ያያል።

«በቃ፣ አሸነፍሽ» አለ። «መለኪያሽን ይዘሽ ቅሪ። እኔም ደረጃዬን እየቆጠርኩ እኖራለሁ።» በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ ይሄ ነው የከበዳት። ወንድሟን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትታ መለኪያዋን ማዳን ለዴልማ ማሸነፍ አይደለም።

አዘቅዝቆ የሚወርደውን ግቢ ከታች ወደ ላይ ተመለከተች። ጉብታውን፣ ማንጎዎቹን፣ ቤቱን። ከቤቱ ጣሪያ ወዲያ የእናቷ የጽጌረዳ አጥር ጫፍ ይታያል። የፊቱ ግቢ።

በዚያ ሰፈር የፊት ግቢ አይነካም። የፊት ግቢ የአላፊ አግዳሚ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩ ይታጨዳል፣ ጽጌረዳው ይገረዛል፣ ማንም ግን አይቀመጥበትም። መሸጥ የፈለገ ሁሉ የሸጠው ጓሮውን ነው። ዴልማም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታሰላ የፊቱን ግቢ አንድ ጊዜ እንኳ ስሌቷ ውስጥ አላስገባችውም። ሳያዩ ዜሮ መጻፍ ይሏል ይሄ ነው፣ አለች በልቧ።

«ሊዮኒ፣ የፊቱ ግቢ ከዚህ ስንት ከፍ ይላል?»

ሊዮኒ ወረቀቷን አየች። «አራት ሜትር።»

«ባለ አንድ ወለል ሁለት ቤት ይይዛል?»

«ይይዛል። ውሃውም ወደዚህ ወርዶ እዚሁ ይተኛል፤ ቱቦ እንኳ ብዙ አያስፈልግም።»

«ግራንት፣ የፊቱን ነው የምሸጥልህ።»

«የእማማን ጽጌረዳ?» ኔቪል ጮኸ። «አብደሻል? ሰው ምን ይላል?»

«ዴልማ አበደች ይላል። በሳምንቱ ሌላ ወሬ ያገኛል።»

«ሚስ ትረሎር» አለ ግራንት፣ «እኔ ስድስት ቤት ነበር ያሰብኩት።»

«ስድስት ሰምጦ ነው ወይስ ሁለት ደርቆ ነው የምትፈልገው? ደግሞ መንገድ ዳር ነው። መንገድ ዳር ያለ ቦታ ምን ያህል እንደሚፈለግ እኔ ላስተምርህ?» ቆም አለች። «አንዱ ቤት የኔቪል ነው። በድርሻው። ምንም ደረጃ የለውም፣ አንድም።»

ግራንት ወደ ሊዮኒ ዞረ፤ ሊዮኒ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ግራንት ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበሩ» አለ።

«ክፍል ውስጥ ብታዳምጠኝ ኖሮ ዛሬ ችካል አትነቅልም ነበር። በል ንቀል።»

ግራንት ፓስኮ በተወለወለ ጫማው እየዞረ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ዴልማ ኩሽና ገብታ የመዝጊያውን ደብዳቤ ገለበጠችና ጀርባው ላይ አዲሱን ሐሳብ ጻፈች፦ የቤቶቹ ቁመት፣ ወለሉ፣ ጽጌረዳዎቹ ከነሥራቸው ወደ ጓሮ እንደሚዛወሩ። ኔቪል ከትከሻዋ በላይ እያየ «አንድም የሚለውን አስምሪበት» አላት። አሰመረችበት።

ሰው እንዳለችው አበደች አለ። ከዚያ ሌላ ወሬ አገኘ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቀደ፣ ቤቶቹ ተሠሩ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ ኔቪል በጃንዋሪ ገባ።

በዚያው የዝናብ ወቅት፣ ፌብሩዋሪ ሲጋመስ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ጠዋት ዴልማ ቦት ጫማዋን ስታጠልቅ ኔቪል በአንድ እጁ ምርኩዝ በሌላው ጃንጥላ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሳሩ ያዳልጣል፤ ብቻሽን አትወርጂም» አለ።

«አንተ ነህ እኔን የምትደግፈኝ?»

«እንግዲህ ተያይዘን እንወድቃለና!»

ተያይዘው ወረዱ፣ ሳይወድቁ። ታችኛው ግማሽ ሐይቅ ሆኗል። ችካሎቹ የነበሩበት ቦታ አይታይም፤ ውሃው ከአጥሩ ሁለተኛ አግዳሚ በላይ ቆሞ፣ ከጉብታው ሥር ከመለኪያው ስድስት እርምጃ ላይ አፉን ያላውሳል። ከላይ የሁለቱ አዳዲስ ቤቶች ደጃፍ ላይ ጎርፍ አልደረሰም። ሊዮኒ ዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ካሜራዋን ይዛ ማንጎው ሥር ቆማለች፤ ማንም ሳይጠራት ነው የመጣችው።

ዴልማ የመለኪያ ብርጭቆውን ለኔቪል ሰጠችው። ኔቪል ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ።

«እኔ?»

«ዓይንህን እኩል አድርገህ፣ ውሃው ከጎበጠበት ከታችኛው ጠርዝ አንብብ።»

«አውቃለሁ! አባባ አይደል ጆሮዬን ይዞ ያስተማረኝ።»

አንድ ሙሉ። ሁለት። ሦስት። ዴልማ በጃንጥላው ከልላው ትቆጥራለች። አራት። አምስተኛው ሲሞላ ሊዮኒ ተጠጋች። ብርጭቆው ሃያ አምስት ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ማለት የዚያ ቱቦ ልክ ነው። በርሜሉ ውስጥ ግን ገና ነበር። ኔቪል ስድስተኛውን ቀድቶ ዓይኑን አስተካከለ፣ ትንፋሹን ያዘ።

«ስድስት ነጥብ ሁለት» አለ። «በጠቅላላው መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት።»

«እስከ ዛሬ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል» አለች ሊዮኒ።

«ገና ግማሹ ነው» አለች ዴልማ፣ ፊቷን ለዝናቡ ሰጥታ እየሳቀች። «ቀሪው የነገ ነው!»

ኩሽና ገብተው እርጥብ እጃቸውን ጠረጉ። ኔቪል መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ ቁጥሩን ጻፈ፤ ዴልማ አልከለከለችውም። አስተያየት ዓምዱ ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ።

«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ጀመረ፤ ሳያባራ ቀጥሏል። ውሃው ከሁለተኛው አግዳሚ አልፏል። ዝናብ ነው። ኔቪል አይደለም።»