በጆሮ የተመረጠው ሳንቲም

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1994፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የባሌን ሳንቲም ረገጥኩት። ሰዓቱን የማውቀው የባሌን ፊት ላለማየት ብዬ ቀና ስል ዓይኔ የማድ ቤቱ ሰዓት ላይ ስላረፈ ነው።

"ዶሪን" አለ ዊልፍ ቀስ ብሎ። "እግርሽን አንሺ።"

አነሣሁ። ከጣቱ አምልጣው የወደቀችው ሳንቲም ተጣማ እንደ ተረገጠ የጠርሙስ ክዳን ሆናለች።

ተራ ሳንቲም ብትሆን ምን ቸገረኝ? ይቺ ግን ምትሃተኞች "ቅርፊት" የሚሏት ናት። ፊት ለፊት ስትታይ ሃፍ ክራውን የሚባለውን የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ተፍቆ ባዶ ነው። በእውነተኛው ሳንቲም ላይ እንደ ኮፍያ ስትደፋ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ስትንሸራተት ደግሞ አንዱ ሁለት ይሆናል። ሦስት ሳንቲምና አንዲት ቅርፊት ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ፣ የሚያይ ሰው አራት ሳንቲም ነው የሚቆጥረው። ሃፍ ክራውን ከገበያ ከወጣ ያኔ ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ምትሃተኞቹ ግን ትልቅና ለጣት የሚመች ስለሆነ አልተውትም።

ዊልፍ ቀደም ሲል እንዲህ ለማታለያ የተሠራ ሳንቲም አይነካም ነበር። "የሰነፍ ምርኩዝ ነው" ይል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ወደ መዳፉ እየታጠፈች መጣች። በእኛ አካባቢ ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹን የሚይዝ ነገር ነው። አያምም፣ ግን አይዘረጋም። ሌላው ሰው በዚያ እጁ አካፋም ይይዝበታል፣ ቢራም ይጠጣበታል። የሳንቲም ምትሃተኛ ግን ባዶ እጁን ሲያሳይ የታጠፈችዋን ጣት ያየ ሁሉ "እዚያች ውስጥ ደብቋል" ይላል። እውነቱንም ነው፤ ዊልፍ የሚሸሽገው እዚያው ነበር። በቅርፊት ሲሠራ ግን መዳፍ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ሦስት ወር ሙሉ እራት በቀረበ ቁጥር እየተለማመደ ሾርባ አቀዘቀዘብኝ።

ዊልፍ ሐሙስ ሐሙስ የሚሄድበት የምትሃተኞች ክለብ ውድድር የዚያን ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። "ዛሬ ካልሠራሁ ሐሙስ ሄጄ ስሜን ከክለቡ አስፍቃለሁ" ብሎኝ ነበር። "ወንበር ለማሞቅ አልሄድም።" ዊልፍ የማያደርገውን አይናገርም። ሠላሳ ዓመት ሐሙስን ሲጠብቅ ያየሁት ሰው፣ ሐሙስን ተነጥቆ እቤት ሲቀመጥ ታየኝ።

"ኮትህን ልበስ" አልኩት።

"ወዴት?"

"ወዴት ይለኛል! ከየአገሩ የመጣ የምትሃት ዕቃ ሻጭ ሁሉ ዛሬ በትራም ሃያ ደቂቃ ብቻ ርቆን ተሰብስቧል። ሰው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ በረሃብ ይሞታል?"

ከተማችንን ብላክፑልን በየፌብሩዋሪው ምትሃተኛ ይወርራታል። በትራሙ ውስጥ እንኳ ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ከጆሮው ካርታ እያወጣ ነበር። ዊልፍ ሦስቱን ደህና ሳንቲሞቹን በመሐረብ ቋጥሮ በጉልበቱ ላይ ይዟል። ጉልበቱ ይዘላል። የእኔም ይዘላል። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ግን ከትምህርት ቤት የጠፋች ልጅ መሰልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ገባን፤ እግዜር ያሳያችሁ። ርግብ፣ ገመድ፣ ቀይ ኳስ፣ እሳት የሚተፋ የኪስ ቦርሳ፤ በየጠረጴዛው ዙሪያ ሃያ ሠላሳ ሰው ተጨናንቆ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። እኛን ጩኸት አልቸገረንም። ዊልፍ በበርንሊ ሽመና ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የማሽኑ ጩኸት የመስማት ኃይሉን ግማሽ ወስዶበት፣ በለውጡ እንደ ሸማኔዎቹ ሁሉ ያለ ድምፅ በከንፈር መነጋገርን ሰጠው። እሱም ለእኔ አስተማረኝ። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተከፋፍለን፣ በሰው ራስ ላይ እየተያየን ስንነጋገር ማንም አልሰማንም።

"እዚህ ነይ!" አለኝ ከንፈሩ። "አገኘሁ!"

ያገኘው ደዝመንድ ፒዩ የሚባል፣ ጣቱ በሙሉ ቀለበት የሆነ ሻጭ ዘንድ ነው። ፒዩ በሐምራዊ ከፈይ ምንጣፍ ላይ ሳንቲሞቹን አንሸራተተ፤ አራት፣ ሦስት፣ እንደገና አራት። ምስጢሩን እያወቅኩ እንኳ አልያዝኩትም። ዊልፍ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጌታዬ፣ ይቺ የገዛ እናቴን ታታልላለች!" አለ ፒዩ።

"እናትህማ አንተንም አምናሃለች፤ እሷን ማታለል ምን ያቅታል?" አልኩት።

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ዊልፍ ቦርሳውን አወጣ። በዚያ አዳራሽ ደንቡ አንድ ነው፦ አንዴ ከከፈልክ መመለስ የለም፣ የገዛኸው ምስጢሩን ነውና። ስለዚህ ምትሃተኞች የሚገዙት ዓይናቸውን ያታለለውን ነው። ዓይናቸውን ብቻ።

"ቆይ" አልኩ። "ምንጣፉን አንሣልኝ።"

"ለምን እማማ?"

"እማማህ እቤትህ ናት። እኔ ወይዘሮ ኦርመሮድ ነኝ። ባዶው ጠረጴዛ ላይ ጣላት።"

"ምትሃተኛ በምንጣፍ ላይ ነው የሚሠራው፣ ወይዘሮ ኦርመሮድ።"

እውነቱን ነው፤ ግን የዚያ ዓመት ውድድር በአንድ ሆቴል ሳሎን፣ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ከምትሃት ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው እንግዶች ፊት ነበር። የዊልፍ ሥራ ደግሞ የሚያልቀው ሦስቱን ሳንቲሞች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ በመጣል ነው። ፒዩ ተነጫንጮ ምንጣፉን ገለበጠና ቅርፊቷን ከነሳንቲሙ ጣላት።

ቀጭ-ጭ አለች። እንደ ተነቃነቀ ጥርስ።

ዊልፍ አልሰማም። ፒዩም አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። እኔ ግን ከማግባቴ በፊትም በኋላም በዚህችው ከተማ ትራም ላይ አሥራ አራት ዓመት ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። በክረምት ጭለማ፣ ሰካራም በሞላበት ትራም፣ የሐሰት ሃፍ ክራውን የምለየው ከነሐሱ መደገፊያ ጋር አጋጭቼ በማዳመጥ ነበር። ከንፈሬን ወደ ዊልፍ አዙሬ "ታወራለች" አልኩት፤ ሁለት መሆኗን ድምፅዋ ያጋልጣል ማለቴ ነው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ ከንፈሩ።

"አፏ አይዘጋም።"

ቦርሳውን ወደ ኪሱ መለሰ። ዓይኑ ግን እዚያው ቀረ፤ አሳዘነኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አራት ሻጭ ዞርን። የአንዱ ትሰፋለች፣ የአንዱ ትጠባለች፣ የሁለቱ ያወራሉ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሲሆን ዊልፍ "ተዪው፣ ዶሪን፤ ቤት እንሂድ" አለ። በድምፁ ነው ያለው፣ በከንፈሩ ብቻ አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ማንም ያልከበበውን ሽማግሌ ያየሁት። ምንጣፍ የለውም። የሚያሳየው ትርዒትም የለም። ሳንድዊች እየበላ ነው፤ ከፊቱ ጥጥ የተነጠፈበት የትምባሆ ቆርቆሮ አለ። ሬጅ ሃላም ይባላል፤ የሼፊልድ ሰው፣ ዕድሜውን በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጽ የጨረሰ።

"ሳንቲሞችህን አሳየኝ" አለው ለዊልፍ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። ዊልፍ መሐረቡን ፈታ፤ ሃላም ሳንቲሞቹን አገላብጦ አየ። "የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳዎቹ ናቸው። ግማሻቸው ብር የተባለው ማዕድን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያለ ብር ከተሠራ ሳንቲም የተፋቀ ቅርፊት ብትደፋባቸው ድምፃቸው አይግባባም። ይሄን ማንም አልነገረህም?"

"ማንም" አለ ዊልፍ።

"አዳራሹ ሙሉ ዓይን ነው፤ ጆሮ ያለው የለም።"

"እኔ አለሁ" አልኩ።

ሃላም ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን አዞረልኝ። "ጀርባሽን ስጪኝና ቁጭ በይ፣ እመቤቴ።"

በቆርቆሮው ውስጥ አሥራ አንድ ቅርፊቶች ነበሩ። ከኋላዬ በጠረጴዛው እንጨት ላይ ይጥላል፤ አንዴ ደህናውን ሳንቲም፣ አንዴ ቅርፊት የደፋውን። ጆሮዬን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

"ይቺ?"

"አፍንጫዋ ተደፍኗል።"

"ይቺስ?"

"ቀጭን ናት። ቀጥል።"

ሦስት፣ አራት፣ ስድስት። ልቤ ከሳንቲሙ በላይ ይመታ ጀመር፤ እንዳያሳስተኝ ፈራሁ። ዘጠነኛዋን ሲጥል እጄን አነሣሁ።

"ምነው?" አለ ሃላም።

"የቱን ነው የጣልከው? ደህናውን ነው?"

"ሁለቱንም በየተራ ጣልኩ፣ እመቤቴ።"

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። የሁለቱ ድምፅ አንድ ነበራ! ዊልፍ ቅርፊቷን አንሥቶ ወደ መብራቱ አቀረባት፤ ፊቱም ጠቆረ። በንጉሡ ጉንጭ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ የሚሄድ ጭረት አለባት።

"ያዩታል" አለ። "ዳኞቹ ያዩታል።"

"ያዩት ይሆናል" አለ ሃላም። "ምርጫው ያንተ ነው። ሌሎቹ ለዓይን ንጹሕ ናቸው፣ ይቺ ለጆሮ።"

ዊልፍ ቅርፊቷን አላየም፤ እኔን አየኝ። እሱ ሊሰማው በማይችለው ነገር ላይ ቃሌን መውሰድ ነበረበት። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ስንኖር ሾርባ ጨው በዛበት ሲለኝ እንኳ አላመንኩትም፤ እሱም እኔን እንዲሁ።

"የዶሪንን ስጠኝ" አለ።

ሃላም ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ዳሰሳት፣ ለታጠፈችው ጣት ሲል ትንሽ እንድትላላ። በሩጫ ወጣን። ዊልፍ መንገድ ለመንገድ በኪሱ ውስጥ ይለማመዳል፤ የባሕሩ ንፋስ ባርኔጣዬን ወሰደው፤ ዞሬም አላየሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ሳሎኑ ደረስን።

እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሦስቱ ዳኞች። ዊልፍ አራት ሳንቲም ደረደረ። አንዱን አጠፋ። አንዲት ወፍራም ሴት ወዲያው ጮኸች፦

"ያቺን ጣት ይክፈቷት እንጂ! እዚያ ናት!"

"ሐኪሙም ጠይቋት ነበር፣ እምቢ አለችው" አለ ዊልፍ። በግራ እጁ ጣቷን በግድ ቀና አደረጋት። ባዶ። "አሁን ይቅርታ ይጠይቋት፣ ቅር ብሏታል።"

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። ሴትዮዋ የዊልፍን ጣት ይቅርታ ጠየቀቻት። ዊልፍ የጠፋውን ሳንቲም መለሰ፣ ደግሞ አጠፋው፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ በአንድ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ጣላቸው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋ ከነቅርፊቷ ወደቀች።

እሱ አልሰማም። ቀና ብሎ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፦ "እንዴት ናት?"

"እንደ ደወል" አልኩት። በከንፈሬ ብቻ።

አላሸነፈም። ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው በካርታ የሚሠራ፣ ከግላስጎው የመጣ እንግዳ ተወዳዳሪ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ዊልፍ ክለቡ ሄደ። ከዚያም በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ሄደ። የሞተው በኖቬምበር 2005፣ ማክሰኞ ቀን ነው።