የሲ ወረፋ

በንጋት ፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ሕግ ነበር፦ በየግምገማው ከየሕዋሱ ቢያንስ አንድ ሰው ዝቅተኛውን ውጤት፣ «ሲ»ን፣ ማግኘት አለበት። ሁሉም አባሎቻችን ጎበዞች ናቸው ብሎ ሪፖርት የላከ ሕዋስ «ተሸፋፍናችኋል» ይባልና ስብሰባው እንደ አዲስ ይጠራል። አሶሳ ዳር ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰባት አባላት ይህንን ሁለት ጊዜ ቀምሰውታል። በሦስተኛው የግቢው ጥበቃ ጋሽ አብዱልረሂም መላ አመጡ።

«ለቧንቧ ወረፋ አለ፣ አይደል? ለሲም ወረፋ ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሲ በተራ ሆነ። ተራው የደረሰው ሰው ጥቂት ጥፋት ፈጥሮ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ሌሎቹም ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ይተቹታል። ቅጣቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው፤ እሱም ምሳ አለው። ላይ ያሉትም ደስ ይላቸዋል፣ ታች ያሉትም ተስማምተው ይኖራሉ። ከዚህ የተሻለ የፓርቲ ሕይወት ከወዴት ይመጣል?

የዘንድሮው ተራ የምንይችል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የነዕማ።

ነዕማ የሕዋሱ ሰብሳቢ ናት። በስብሰባው ዕለት ጠዋት ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ የታሸገ ደብዳቤ ደረሳት። «በዚህ ዙር ሲ ያገኙ አባላት ለአንድ ዓመት ወደ ካማሺ ተዛውረው እንዲሠሩ ተወስኗል። ውጤቱ ተጠናቅሮ እስኪላክ ድረስ ለአባላት እንዳይገለጽ» ይላል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምንይችል ወላጆቹ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ የችግኝ ባለሙያ ነው። ሚስቱ ፍሬሕይወት ሁለት ጊዜ አስወርዷት በሦስተኛው ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ሐኪሙም ከሆስፒታል እንዳትርቅ አስጠንቅቋታል። የነዕማ እናት ቶይባ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከጓዳ እስከ በር የሚመራቸው የልጃቸው ክንድ ብቻ ነው። የካማሺ መንገድ እንኳን ለእሳቸው ለመኪናም ይከብዳል። ነዕማ ከተናገረች በምንይችል ላይ የሚጨክን አይገኝም፤ እሱ ከታለፈ ቀጣዩ ስም የእሷ ነው። ዝም ካለች ግን ምን አጠፋች? ደብዳቤው ራሱ ዝም በይ ብሏታል። ከራስ በላይ ነፋስ።

ስብሰባው ተጀመረና ምንይችል ተነሣ።

«ጓዶች፣ እኔ ሰዓት የማላከብር ሰው ነኝ» አለ። በየማለዳው ከጋሽ አብዱልረሂም ጋር በሩን የሚከፍተው እሱ ስለሆነ ቤቱ በሳቅ ሞላ። «የማንጎ ችግኞቹን ውኃ ማጠጣት እረሳለሁ። የጋራ ሥራም አልወድም።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሳና ሳቋን እየታገለች ጻፈች። «ባለቤትህ ስትወልድማ ጭራሽ ልትጠፋብን ነው» አለችው።

«ያን ቀንማ ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ አልልም! እሱንም ጻፊው።»

ነዕማም ከሌሎቹ ጋር ሳቀች። ወዲያው በራሷ ሳቅ አፈረችና ደብዳቤውን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው።

ሳቁ ጠፋ። ምንይችል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንዱ ሌላውን ማየት ተወ፤ መጨረሻ ላይ ሳና ማስታወሻዋ ላይ እንዳቀረቀረች «እንግዲህ… ሰዓት አለማክበሩን ራሱ ነው የተናገረው» አለች።

«ችግኞቹም እኮ አምና በእርግጥ ደርቀው ነበር» አለ አንዱ ከኋላ።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁሉም ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ነበረው።

ነዕማ ብድግ አለች። «የእኔንም ግለ ሂስ ስሙኝ። ደብዳቤው ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ምንይችል ሲያስቀን እያወቅሁ ስቄአለሁ። ዝም ያልኩት ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእኔ ስለሆነ ነው። ጓዴን ልሸጠው ነበር። ሲ የሚገባው ለእኔ ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የእውነት ግለ ሂስ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበርና ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ታጣ።

«ይሄ ነዕማ እውነት ተናገረ» አሉ ጋሽ አብዱልረሂም ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እውነት ለተናገረ ሰው ሲ ይሰጣል? ኤ ስጡት! ወላሂ፣ ኤ ነው!»

«ኤ ከሰጣችሁኝ ሲው ማን ላይ ይወድቃል፣ ጋሼ?»



ሰብሳቢዋ ራሷ ናትና ራሷ ጠየቀች፦ «ነዕማ ሲ እንድታገኝ የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። መጀመሪያ የወጣው እጅ የምንይችል ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያለቅሳል፤ እጁን ግን አላወረደውም። ነዕማ ልቧ ተወጋ፤ ከማንም ብትጠብቅ ከእሱ አልጠበቀችም። የፍሬሕይወት ሆድ ትዝ ሲላት ግን ልትፈርድበት አልቻለችም።



«አንድ» ብላ ቆጠረች። «ሌላስ?»