ደህና ነን ያልንበት ቀን

በዚህ መንገድ ከሚያልፉት መኪኖች ውስጥ የኔ እጅ ባላረፈበት ጎማ የሚሽከረከር የለም። ጎሚስታ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል። መኪናው ገና ሲቃረብ ሚስማሩ የቱ ጋ እንደተሰካ በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ እንዳልናገር ትሕትናዬ ይከለክለኛል። ሰፈሩ «እልፍ» ይለኛል። አንድ ደንበኛ ሲመጣልኝ «እልፍ ሰው ተሰለፈ» ብዬ ስለማወራ ነው አሉ። ምቀኛ አታሳጣኝ ነው መልሴ።

ይኼን የምነግራችሁ ግን ሳልጨምር ነው። ልጨምርበትም ብል ቦታ አላገኘሁለትም።

ሰፈራችን ከተማው አልቆ፣ ሜዳው አልቆ፣ አስፋልቱም ተስፋ ቆርጦ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚጀምረው። አንዲት አሮጌ አውቶብስ ጠዋትና ማታ ትመጣልን ነበር። ዳገቱ ላይ ስታቃስት ውስጧ ያለው በሽተኛ የራሱን ትቶ ለሷ ያዝናል። አንድ ክረምት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ «መንገዳችሁ መኪና ይሰብራል» ብሎ ወሰዳት፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ጎማ ሆነ። በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ስታዩት ከትናንቱ ወርዷል። ከተማ ሕንፃ የምታጸዳው ጎረቤታችን አርፍዳ አርፍዳ ከሥራ ተባረረች። ባለሱቁ ዕቃ የሚያስመጣበት አጥቶ መደርደሪያው ላይ ሳሙናና ክብሪት ብቻ ቀረ።

እኔ ደግሞ እህት አለችኝ። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አፌን ብቻ ነው ማሳደግ ያላስፈለጋት፣ ድሮም ትልቅ ነበር ትላለች። ኩላሊቷ ደክሟል። በሳምንት ሦስት ቀን ከተማው ሆስፒታል ሄዳ ለእጥበት ማሽኑ ሥር መተኛት አለባት። አውቶብሷ ከቀረች ወዲህ የማደርሳት በጭነት መኪና ነው። ሾፌር ጎማ ሊያሠራ ሲቆም፣ መፍቻውን እንደያዝኩ «እህቴን ታደርስልኛለህ» እለዋለሁ። መፍቻ የያዘን ሰው እምቢ የሚል ሾፌር የለም። ግን ጭነት መኪና የቀጠሮ ሰው አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም፤ አንዳንዴም አርፍዶ ያደርሳትና ተራዋ ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቃታል። በነጋታው ፊቷ እንደ ተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ሆኖ ዓይኗ ይጠፋል። ስንት ከመነዳሪ የነፋሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ግን ማየት አልችልም።

እሷ ስለዚህ ነገር አትናገርም። ገመናዋን ከጎረቤት ቀርቶ ከትራሷ የምትደብቅ ሴት ናት።

አውቶብሷን ለማስመለስ የተነሡት መምህርት ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ የቆነጠጡት። ቤት ለቤት ዞረው ሰውን አዳራሽ ሰበሰቡ። ኮሚቴ ተመረጠ፤ እኔም ያለ አንድ ተቃውሞ ገባሁ። (ባለሱቁ «ዝም እንዲል ነው ያስገባነው» ይላል፤ ተዉት።) ከዚያ መምህርት መሥሪያ ቤቱን ደጅ መጥናት ጀመሩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏቸው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ለነገ ሲሏቸው ነገ ከዘበኛው ቀድመው ይገኛሉ። በመጨረሻ ሰለቸውና ኃላፊው አስገባቸው።

ያለው አንድ አውቶብስ ነው አላቸው። የጠየቀው ግን ሁለት ሰፈር ነው፤ እኛና ከጉብታው ማዶ ያለው የጡብ ሠራተኞቹ ሰፈር። ራሱ መጥቶ ሁለታችንንም ያያል፤ ይበልጥ ለተቸገረው ይሰጣል። መምህርት «አንዱ አውቶብስ ሁለቱንም ለምን አይዞርም?» ቢሉት፣ መስመሩ ሲረዝም ነዳጁ ይበዛል ብሎ ዘጋው። ሲነግሩን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ርቧቸው የሚያለቅሱ ሁለት ልጆች አቁሞ የትኛው ከሳ ብሎ መመዘን ፍርድ አይደለም አሉን። ቢሆንም ሌላ በር አልነበረንም።

አዳራሹ ውስጥ አለማመዱን። እያንዳንዱ የራሱን ችግር በራሱ አፍ እንዲናገር ነበር ሐሳባቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሥራ የተባረረችበትን ቀን ስትናገር ባለሱቁ አፍንጫውን ጠረገ። የኔ ተራ ሲደርስ እህቴን ተሸክሜ በደራሽ ወንዝ እንዴት እንደተሻገርኩ አወራሁ።

«ወንዝ የለንም» አሉ መምህርት።

«ወደፊት ይኖረናል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስብሰባው ሲበተን ጠርተው፣ ያንተ እውነት ጭማሪ የማይፈልግ ነው፣ ለአንድ ቀን ብቻ እንዳለ አውጣው አሉኝ። እንዳለ አወጣዋለሁ ብዬ ማልኩላቸው። እትዬ ዘንድም ሄደው አብረው ዋሉ። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ሲወጡ ግን «እሷም ትናገራለች» አሉኝ። እኔ በሕይወቴ ያላሳመንኳት ሴት!

የቀጠሮው ቀን መምህርት ኃላፊውን ይዘው ለመምጣት በጠዋት ከተማ ገቡ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ያንን ጠዋት እሳቸው ከእኛ ጋር ቢሆኑ ኖሮ አርጩሜ ያነሡ ነበር።

ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አንዷ ደጇን ጠረገች፤ ጎረቤቷ አይታ የሷንም፣ ከዚያ መንገዱን። አንዱ «የሰውየው መኪና ይኼ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ምን ይለናል?» አለ፤ ወጣቶቹ ድንጋይና አፈር አምጥተው ሞሉት። አንዱን ጉድጓድ ሞልቶ ሌላውን መተው ነውር ነው፤ ሁሉንም ሞሏቸው። እኔ አካፋ አበድሬ ከፊት ሆኜ አዘዝኩ፤ ያንን የመሰለ መንገድ ሥራ መንግሥትም ሠርቶ አያውቅም። አውቶብሳችንን ያስቀረብንን ጉድጓድ በገዛ እጃችን ደፈንን ማለት ነው። ለአንዳችንም አልታየንም። አዳራሹ ታጠበ። ሰዉ ሁሉ ለሠርግ ያስቀመጠውን ልብስ አወጣ። እትዬ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እብጠቷን ሻሽ ሸፍኖላት፣ ከፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሙሽራ እናት ትመስል ነበር።

ኃላፊው ገባ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት፣ ጫማው የተወለወለ። ሁላችንም ብድግ አልን። መምህርት ከኋላው ገብተው ዙሪያውን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ያን ጊዜ አልተረዳሁትም። ደስታ መስሎኝ በአገጬ ሰላም አልኳቸው።

እሱም ተቀምጦ እንዴት ናችሁ አለ።

አዳራሹ ባንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

እየዞረ ጠየቀ። ባለሱቁን ንግድ እንዴት ነው ቢለው፣ ምን ጎድሎብን አለ። የጽዳት ሠራተኛዋን ስለ ሥራዋ ጠየቃት። አፏን ከፈተች፣ ጎረቤቶቿን አየች፣ ከዚያ «አሁን ቤቴ አረፍ ብያለሁ» አለች፤ በገዛ ፈቃዷ ያረፈች አስመስላ። መምህርት «ንገሪው እንጂ» ቢሏት ቀሚሷን አስተካከለች። ያን ጊዜ ራሳቸው ተነሥተው መንገዱን፣ ቀጠሮውን፣ የተባረሩትን ሁሉ ዘረዘሩ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ግን ዓይኑ ከሳቸው ወደ እኛ፣ ከኛ ወደ ታጠበው ወለል ይሄዳል። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ።

«እናቴ፣ እርስዎስ? ሕክምና እንደሚከታተሉ ሰምቻለሁ። በምን ይሄዳሉ?»

እትዬ ነጠላዋን ሰበሰበች። «እኔ ደህና ነኝ ጌታዬ። እርስዎን መንገዱ አላደከመዎትም?»

መምህርት እኔን አዩኝ። ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። እውነቱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ሳይጨመርበት፣ እንዳለ። ግን እህቴም አየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ሳጠፋ በዚያ ዓይን ነው የምታየኝ። ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ሰፈር ሰው የሐኪም ቀጠሮ አምልጦት አያውቅም። መኪና ሲጠፋ በትከሻችን እናደርሳለን። እህቴን እኔ ራሴ ከአውቶብስ ፈጥኜ ነው የማደርሳት!»

ተጨበጨበ። በዕድሜዬ ሙሉ ከተጨበጨበልኝ ሁሉ የበለጠው ያ ነው። ኃላፊው ከልቡ ፈገግ ብሎ፣ እንደዚህ የሚደጋገፍ ሕዝብ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ስንሸኘው በደፈንነው መንገድ መኪናው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ።

አውቶብሱ ለጡብ ሠራተኞቹ ተሰጠ። ኃላፊው እነሱ ዘንድ ሲሄድ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል፤ ገፍተው ሲያወጡት አንዲት ሴት መንገድ ላይ የሞተባትን ልጇን እያነሣች አለቀሰች አሉ። ባለሱቁ «ተዋናዮች!» ብሎ ሲሳደብ መምህርት ተቆጡት።

«እነሱ እውነቱን ተናገሩ። እኛ እንግዳ ተቀበልን» አሉ። እኛን ግን አልሰደቡንም። ቢሰድቡን ይሻል ነበር።

ጥፋቱ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ግን ትልቅ ነገር ሲከፋፈል የኔ ድርሻ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ይኼም አልቀረብኝም።

ክረምቱ ገባ። የደፈንነውን ዝናቡ ጠርጎ ወሰደው፤ ጭነት መኪኖቹም መንገድ ለወጡ። ከአውቶብስ ፈጥኜ የማደርሳት እኔ፣ እትዬን ላስቲክ አልብሼ መንገድ ዳር አቆማለሁ፤ ስንቆም እንውላለን፤ ይዣት እመለሳለሁ። ተራዋ አለፈ፣ ደግሞ አለፈ። ደረጃ መውጣት ቀርቶ ጫማ ማሰር አቃታት።

አንድ ጠዋት አንድ አሸዋ ጫኝ መኪና ቆመልን። ከመምህርት ጋር ሆነን አሳፍረናት አብረናት ሄድን። ከተማ ስንገባ ሾፌሩን ወደ ሆስፒታሉ ስለው፣ «አይ፣ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ» አለች እትዬ። ተከራከርኳት። የኔን ክርክር መቼ ሰምታ ታውቃለች!

ኃላፊው አላወቃትም። ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ሳትጠየቅ ሻሿን ፈታች። ፊቷን አየ። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጣቷን ጫነችበት፤ ሥጋው ጎድጉዶ ቀረ። እኔ ግድግዳ አየሁ።

«እናቴ» አለ፣ «ያን ቀን ጠይቄዎት ነበር እኮ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ቤታችን መጥተው ነዋ ልጄ። ቤት ድረስ ለመጣ ሰው ሕመም ይቀርብለታል?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ውሳኔው ታትሟል፣ አውቶብሱ ሥራ ጀምሯል አለ። ምናልባት ከወዲያኛው ሰፈር ላይ ማስነሣት ቢቻል ብሎ ሲጀምር፣ እትዬ እጇን አነሣች። የሰው ነጥቀው አይስጡኝ አለችው። መምህርት ደግሞ የጥንቱን ጥያቄ መለሱበት፤ ለሕክምናው ቀን ብቻ ይዙርልን፣ መኪናው ለሁለታችንም ይበቃል። እንደሚያስጠናው፣ ለሚመጣው በጀት እንደሚያቀርበው ነገራቸው። የሚመጣው በጀት መቼ እንደሆነ እትዬ አልጠየቀችም።

አሁን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከሌሎች ሁለት ታማሚዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ከአልጋዎቹ መካከል ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው፤ መስኮቱ ወደ ግንብ ይከፈታል። ያደረስናት ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሂድ በጊዜ ካልሄድክ መኪና አታገኝም አለችኝ። ሰፈሯን፣ ደጇን፣ የራሷን ትራስ ትታ ለማሽን ጎረቤት ሆነች። ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ አልኳት። በምን እንደምመጣ ሁለታችንም አላነሣንም።

ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ፣ ከተማ መሃል ፎቅ ላይ ናት፣ ሐኪሞቹ በር አንኳኩተው ነው የሚጠይቋት እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል።

መምህርት ኮሚቴውን እንደገና እያሰባሰቡ ነው። በዚህኛው ዙር ከጡብ ሠራተኞቹም ሁለት ሰው መጥቷል፤ አውቶብሱ ይዙር ብለው አብረውን ሊጠይቁ። ትናንት ለስብሰባው ሊጠሩኝ ሥራ ቦታዬ መጡ። እግረ መንገዳቸውን እትዬ እንዴት ናት አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኩ፣ ከተፈታው ጎማ ቀና ሳልል።

አልሄዱም። አሮጌ ጎማ ስበው፣ በነጭ ቀሚሳቸው ላዩ ላይ ተቀመጡ።

«እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አሉ።

መፍቻውን አስቀመጥኩ። ነገርኳቸው።