ሐሙስ ሐሙስ የሚነሳው ፓምፕ

ጠቅ፣ ጠቅ አለ! ወላሂ ሁለቴ! ሽቦ የለው፣ መብራት የለው፣ ባትሪ የለው፤ በብስኩት ካርቶን ውስጥ መስኮታችን ላይ የተቀመጠ፣ ከፓምፕ ማዘዣ የተነቀለ የተበላሸ ሞጁል! የዐስር ሰላት አዛን እንዳለቀ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ነፍስ ያለው አልነበረም። "አዑዙ ቢላሂ" እያልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ኡፍ፣ ከመጨረሻው ጀመርኩባችሁ አይደል? ግን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ማን ከመጀመሪያው ይጀምራል! እሺ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።

ሰፈራችን ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ማሽላው መሃል ነው። ከአንድ ጉድጓድ የሚስቡ ሁለት ፓምፖች አሉን። ትልቁ ለሰው ነው፣ ወደ ቦኖው ይልካል። ትንሹ ለከብት ገንዳው ነው። ሁለቱንም የሚያዛቸው እዛው የፓምፕ ክፍሉ ውስጥ የቆመ ፓኔል የሚባል የብረት ቁም ሳጥን ነው። አባቴ ጀይሉ የሱ ኦፕሬተር ነበር።

አባ የፓኔሉን በር ከመክፈቱ በፊት ሁሌ በብር ቀለበቱ ሁለቴ ያንኳኳል። ጠቅ፣ ጠቅ። "እባብም ቢሆን ጅኒም ቢሆን ይውጣልኝ፤ የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም" ይላል። እኔና እህቴ ሳሚያ በሳቅ እንሞት ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዐስር ከሰገደ በኋላ ትንሹን ፓምፕ ያስነሳና ገንዳውን ይሞላል። ለሞተችው እናቱ ሰደቃ ነው። ያው የጁምዓ ዋዜማ ሙታን የቤታቸውን ደጅ ያያሉ ይባል የለ? የማንም ከብት ይሁን፣ መንገደኛም ይሁን፣ ሐሙስ ማታ ከዛ ገንዳ ጠጥቶ "አላህ ይቀበልላት" ብሎ ይሄዳል።

አባ ባለፈው ክረምት ሞተ። አላህ ይዘንለት። ወባ ነው ሲሉን ጉበቱ ሆኖ ተገኘ፣ በቃ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ሙህዲን የክፍሉን ቁልፍ ተረከበ። በጋው ሲገባ የጉድጓዱ ውሃ ቀነሰና ትንሹ ፓምፕ እንዳይነሳ ተባለ፣ ለሰውም አልበቃ አለና።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ሐሙስ፣ ሰው ከዐስር ሰላት ሲወጣ፣ ትንሹ ፓምፕ ተነሳ። በራሱ! ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ኦቦ ሙህዲን ኪስ ውስጥ እያለ! ውሃው ገንዳው ውስጥ ይንፎለፎላል። ኦቦ ሙህዲን ሮጦ ገብቶ ማጥፊያውን ቢጫን፣ ቢጫን፣ እምቢ። ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ሲያወርደው ነው የቆመው። በሚቀጥለው ሐሙስም ተነሳ። በሚቀጥለውም።

ሌላ አገር ቢሆን ባለሙያ ይጠራ ነበር። እኛ ጋ ግን ማን ደፍሮ የሞተ ሰው ሰደቃ ያቋርጣል? "ጀይሉ ነው" ተባለ፣ አለቀ። ኦቦ ሙህዲን ራሱ ዋናውን ማውረድ ተወው። ሰው ሐሙስ ሲሆን ከብቱን ከሩቅ እየነዳ መጣ። "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኑ፣ የጀይሉ ውሃ ነው!" ይባባላል።

እማ ደግሞ... እማ አባ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትታ ነበር። እህል አይወርድላትም። ፓምፑ መነሳት ሲጀምር ግን ሐሙስ ሐሙስ ገላዋን ትታጠባለች፣ ጥሩ ልብሷን ትለብሳለች፣ ገንዳው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ለውሃው ታወራለታለች። አንዴ ተደብቄ ሰማኋት። "ዓፊያ ሒሳብ ወድቃልሃለች፤ ስልክ ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው" አለችው። ለሞተ ሰው ታሳብቀኛለች! ልስቅ አልኩ፤ ወዲያው ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ሲርገበገብ አይቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ግን በላች። ያን ቀን ማታ እራቷን በላች።

ከዛ ቦኖው ጭቃ መትፋት ጀመረ። ትንሹ ፓምፕ አንዴ ከተነሳ ጉድጓዱን እስከ ደለሉ ሳይመጠው አይቆምም። ሰው ጀሪካን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ መውረድ ጀመረ፣ ሕጻናት ተቅማጥ ያዛቸው። ኦቦ ሙህዲን ጢሙን እያሻሸ ለሳሚያ ደወለላት። ሳሚያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። የነገራትን ሰምታ አዲስ ሞጁል በቦርሳዋ ይዛ በሚኒባስ መጣች።

በሩን ልትከፍት ስትል እማ ከኋላ፣ "አንኳኪ" አለቻት።

"እማ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። ስላንኳኩለት አይወጣም።"

"ሆ! ኢንጅነሯ!" አለ ኦቦ ሙህዲን። "አባትሽ እያንኳኳ ስንት ዓመት ሠራ፣ እባብ ነክቶት ያውቃል?"

"እርስዎስ ሳያንኳኩ ሲከፍቱ ነክቶዎታል?"

"እኔማ መች ጠጋ እላለሁ ልጄ! በእንጨት ነው የምከፍተው።"

ሳሚያ ከፍታ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች አየች፣ ዋናውን አወረደች፣ ማንም እንዳያነሳው ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ስር ሸጎጠች፣ በመለኪያዋ መብራት አለመኖሩን አየች። ከዛ በጣቷ አሳየችኝ። "ይሄ ፒኤልሲው ነው፣ አእምሮ በይው። ይሄኛው የሪሌ ሞጁል ነው፣ እጅ በይው። አእምሮው ተነሳ ሲለው እጁ ፓምፑን ይቀሰቅሳል። ቅድም አይተሻል፣ የትንሹ ፓምፕ ማዘዣ መብራት ጠፍቶ ነበር። አእምሮው ምንም አላዘዘም። እጁ ግን..." የመለኪያውን ጫፎች አስነካችው። ጢጢጢጥ! "ጨብጦ ይዞታል። ውስጡ ያለው ብረት ቀልጦ ተጣብቋል።"

ቆይ፣ ያዘዘው ሳይኖር የሚነሳ እጅ!

"እና ለምን ሐሙስ ብቻ?" አልኳት።

"ሞጁል ቀን አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ሐሙስ?"

"አላውቅም አልኩሽ'ኮ! ያዢ ይሄን ፒንሳ!"

ሽቦዎቹን በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ቁጥር ጻፈች፣ ከዛ አሮጌውን ሞጁል ከተሰካበት ብረት ላይ ቀጭ አድርጋ ነቀለችው። እማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲነቀል ደረቷን ያዘች፤ እሷን የነቀሏት ነው የሚመስለው።

"እማዬ፣ ስሚኝ" አለች ሳሚያ፣ ድምጿን ለስልሳ። "ጉድጓዱ ሲሞላ ሐሙስ ሐሙስ ኦቦ ሙህዲን ማስነሻውን ይጫኑልሻል። ሰደቃው አይቋረጥም።"

"እሱ ከተጫነውማ ሙህዲን ነው እንጂ ጀይሉ አይደለም" አለች እማ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

አዲሱ ገባ። ሽቦው ታሰረ፣ ዋናው ተነሳ፣ ትንሹ ፓምፕ ተነሳ ሲባል ተነሳ፣ ቁም ሲባል ቆመ። ኦቦ ሙህዲን "ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ" ብሎ ግንባሯን ሳማት። ሳሚያ አሮጌውን ሞጁል ለኔ ወረወረችልኝና "ጣይው" አለችኝ። ግን ሁሉም ሲወጣ ዞር ብዬ አየሁ። የፓኔሉን በር ዘግታ ቆመች፤ ከዛ በመፍቻዋ እጀታ ቀስ ብላ ሁለቴ አንኳኳች። እኔ ማየቴን አታውቅም።

አልጣልኩትም። የአባ እጅ እንደሆነ ነገር ተሰማኝ፤ እጅ ደግሞ ቆሻሻ ላይ አይጣልም አይደል? በካርቶን አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ መጣ። እማ ታጥባ፣ ለብሳ ሄደች። እኔ ቤት ቀረሁ። አዛኑ አለቀ። ጆሮዬን ወደ ፓምፑ ጣልኩ፤ ዝም። ገንዳው ከቤታችን አይርቅምና ከብቶቹ ባዶውን ሲልሱት ይሰማል፣ ያ ደረቅ የምላስ ድምፅ። እና ከኋላዬ፣ ከመስኮቱ፣

ጠቅ፣ ጠቅ።

ወጥቼ ደጅ ላይ ሆኜ ለሳሚያ ደወልኩ። ፋብሪካው ከኋላዋ ይጮኻል። "ፀሐይ መትቶት ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይንጣጣል" አለችኝ ሳታስብ።

"ካርቶኑ ጥላ ውስጥ ነው'ኮ ሳሚ። ነክቼው ነበር፣ ቀዝቃዛ ነው።"

"...ስንቴ ነው ያለው?"

"ሁለቴ።"

ከዛ፣ "ለእማ እንዳትነግሪያት። ዛሬውኑ ወስደሽ ቦርከና ውስጥ ጣይው" አለችና ዘጋችው።

እማ ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነው። ልብሷን ሳትቀይር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። "እማ፣ እራት" ብላት፣ "ተቀየመኝ" አለች። "ሲነቅሉት ቆሜ ስላየሁ ጀይሉ ተቀየመኝ። አይመጣም ከእንግዲህ።" ይኸው ከዛ ቀን ወዲህ በጉሮሮዋ እህል አላለፈም፤ በውሃ ብቻ ነው ያለችው።

ሞጁሉ አሁን አልጋዬ ስር ነው። ነገ ሐሙስ ነው! "አልተቀየመሽም እማ፣ መጥቶ ነበር፣ እኔ ሰምቼዋለሁ" ብላት ነገውኑ ተነስታ እንደምትበላ አውቃለሁ። ግን እማን አውቃታለሁ፤ ካርቶኑን አቅፋ ኦቦ ሙህዲን ደጅ ላይ ትቀመጣለች፣ መልሳችሁ ግጠሙልኝ ትላለች። እሱ ደግሞ ሆዱ ቅቤ ነው፣ ይመልስላታል። ከዛ ጭቃ፣ ከዛ ቦርከና፣ ከዛ የሕጻናቱ ተቅማጥ። ዝም ብላት ደግሞ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው። ቦርከና ብጥለውስ? ውሃ ውስጥ ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ ማን ይሰማዋል? ያ ረቢ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትነግሯታላችሁ?