የወይዘሮ ፀሐይቱ ፍንጭት

አቶ ዋኘው አጥብቀው የተመኙት አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀሐይቱ ሙሉ ፊት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ብዙ ነው፤ በሁሉም ግን ወይዘሮዋ፣ በጎንደር እንዳደጉበት ሥርዓት፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ካሜራ ሲያዩ እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ነጠላው ይሄዳል። ሲስቁ ብቅ የሚለው ፍንጭታቸው አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ሐኪሙ የአቶ ዋኘው ዓይን እየደከመ እንደሚሄድ፣ ብርሃኑም እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። ይህን ከባለቤታቸው ሸሽገው፣ ግድግዳ የሚሞላ ምስል እንድታነሣላቸው የልጅ ልጃቸውን ናዓማን በምሥጢር ለመኗት።

ናዓማ ኪርያት አርዬ ከተባለው የእስራኤል የፋብሪካ ሰፈር፣ ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት ካሜራዎች ተውሳ መጣች። በረንዳው ላይ አማርኛና ዕብራይስጥ እየቀላቀለች አስረዳቻቸው። ትልቁ የሚያነሣው ምስል ምን ያህል ቢሰፋ አይደበዝዝም፤ ነገር ግን ቁልፉ ሲጫን ውስጡ ያለው መስታወት ብድግ እያለ ቋ ብሎ ይጮኻል። ትንሹ ድምፁን አፍኖ ይሠራል፤ ምስሉ ግን ሲሰፋ ይፈዝዛል። አቶ ዋኘው ግራ ቀኙን እንደሚያይ ዳኛ ተከዙ።

«በትንሹ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ደብዛዛም ቢሆን ፍንጭቷን ልየው።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሳሎን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ናዓማ ከበሩ ጀርባ አነጣጠረች።

«ነይ ውጪ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንደ ሌባ ምን ያሸምቅሻል?» ነጠላው አፋቸው ላይ ደርሷል።

ናዓማ ከኋላዋ ወደ ቆሙት አያቷ ዞረች። አቶ ዋኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ የላክኋት፣ ፀሐይቱ። ዓይኔ ሳይጨልም አንድ ጊዜ ልይሽ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ከክረምት ጀምሮ ብርጭቆውን በእጅዎ የማስይዝዎ ለምን መሰለዎ? እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅሁ።»

ከዚያ የትኛው ካሜራ እንደሚጮኽ ናዓማን ጠየቋት። ትልቁን አሳየቻቸው።

«በእሱ አንሺኝ። ስነሣ እሳቸውም ይስሙት።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እጃቸው እንዳይከዳቸው ጭናቸው ሥር ሸጎጡት። ካሜራው ቋ አለ።

«ፍንጭቱ ወጣ?» አሉ አቶ ዋኘው።

«አባባ፣ ገና አልሳቁም እኮ።»

ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ ፀሐይቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቋ አለ፤ ደግሞም ቋ።